ለእንቁራሪት የተወጣ ዳገት

ባሌ እንቁራሪት ያረባል። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅም። ሳሎናችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ትልቅ የመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ውስጡ ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከሙዝ ማሳ ቦይ ያመጣቸው ትንንሽ እንቁራሪቶች አሉ። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እነሱን ነው። ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋላችሁ?» ይላቸዋል። እኔን «እራት ደርሷል?» ይለኛል።

ቤታቸውን ሲሠራላቸው ያሳየውን ትዕግስት እኔ አይቼው አላውቅም። የወጥ ቤቱን በር እንዲጠግንልኝ ስለምነው ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ለእነሱ ግን ጠጠሩን አጥቦ ከታች ደለደለ፤ አፈሩ ወደ ጠጠሩ እንዳይሰርግ ብሎ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ አነጠፈበት፤ ከዚያ አፈር ሞላ፣ ቅጠላ ቅጠል ተከለ። የቧንቧ ውሃ ቆዳቸውን ይጎዳል እያለ ውሃቸውን በባልዲ ያሳድራል። እኔ ከዚያው ቧንቧ ስታጠብ ስለ ቆዳዬ የጠየቀኝ የለም።

አንድ ቀን ታዲያ የጎደለ ነገር አለ አለኝ። ግንድና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገው፣ ሲነኩት የሚለሰልሰው አረንጓዴ ነገር ነው። «እናትሽ አገር አይጠፋም» አለ።

እናቴ ያለችው እኛ ካለንበት አርባ ምንጭ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ዶርዜ ነው። ከተጋባን ጀምሮ መስቀል በደረሰ ቁጥር አብረን እንውጣ እያልኩ ለምኜዋለሁ። ብርድ አይስማማኝም ይላል። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ከነባሎቻቸው ሲገቡ እኔ ብቻዬን እገባለሁ። ጎረቤት «ባልሽስ?» ሲል እናቴ ቀድማኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ያ ብርድ ለእንቁራሪት ሲሆን ተስማማው! ቅዳሜ ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

እናቴ ለእሷ ብሎ የመጣ መሰላት። አቅፋ ሳመችው፣ ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበችለት፣ ጎረቤት ጠራች። እኔን በጋሞኛ ብቻ የምታናግር ሴትዮ ለእሱ ያላትን አማርኛ ሁሉ አወጣች። እሱ ከጓሮዋ ቀርከሃ ሥር ተንበርክኮ አረንጓዴውን በቢላ እየላጠ ማዳበሪያ ከረጢት ሲሞላ እሷም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታቀብለዋለች። ለማን እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷ ደስ ብሏታል።

ያ የደጋ አረንጓዴ አርባ ምንጭ ወርዶ መስታወት ውስጥ ሲታፈን ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ብርድ የለመደ ነገር እዚህ ሙቀት ውስጥ እንደማይኖር ማንም ያውቃል። ሙቀት የለመደውማ እዚያው እንቁራሪቶቹን ያመጣበት ቦይ ጠርዝ ላይ ሞልቷል። አልነገርኩትም። እንደገና ዶርዜ ይውጣ እንጂ! ለእኔ ብሎ ባይሆንም ከጎኔ ሆኖ እናቴ ደጃፍ ላይ እንዲታይ ፈልጌያለሁ። ቅዳሜ ሌላ አመጣለሁ ሲል ሰምቼ ቀሚሴን ተኮስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ስወጣ አየኝና ተገረመ።

«አንቺማ ቆዪ እንጂ። በዚህ ሙቀት ማን ውሃ ይረጭላቸዋል?»

መርጫውን አስጨብጦኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ላቤን እየጠረግሁ ለእነሱ ውሃ ስረጭ ዋልኩ። እነሱም አፍጥጠው ያዩኛል።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ከኋላዋ የእሱ ሳቅ ይሰማል። እኛ ቤት እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤቶቹም አሉ መሰለኝ፣ ቤቱ ሞቅ ብሏል።

«እማ፣ እኔም ልመጣ ነበር እኮ» አልኳት።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደከመሽ» አለችኝ፤ «እሱ መጥቶልኛል።»