ነፋሱ ዝም ያለ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚጀመረው በእጅ ነበር፤ አፍ የሚከተለው ኋላ ነው። አክስቴ ዘሃራ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች በሁለት እጇ ይዛ አንዱን ስታነሳ ሌላውን ትጫናለች፣ ወናፎቹ በተራ እየተነፈሱ ከሰሉን ያግሙታል፣ እሷም ትንፋሿን ከእነሱ ጋር ካስማማች በኋላ ወሬውን ትጀምራለች። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያጣው ተረተር ላይ ነበር። አባቴ ጠይብ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል። አክስቴ ታላቅ እህቱ ስትሆን ባሏ ከሞተ በኋላ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ቀን ሸክላ ትሠራለች፣ ሲመሽ ወናፍ ትነፋለች። እናታችን እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሙሄን ትታ ቀደም ብላ ስለሞተች፣ እናትም ተረትም ብለን የምናውቀው እሷን ነው።

ያኔ በቤታችን አንድ ደንብ ነበር። ብረቱ ከእሳት ከወጣ ተረቱ ይቆማል። አባቴ የቀላውን ማረሻ በጉጠት ጎትቶ ሲያወጣ አክስቴ ወናፉን ትለቃለች፣ ከወናፉ ጋር ወሬዋም ይቋረጣል፤ ንጉሥ ሰይፍ መዝዞም ቢሆን፣ ጅብ ደጅ ላይ ደርሶም ቢሆን፣ መዶሻው ሥራውን እስኪጨርስ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሙሄ ይሄን አይወድም ነበር። «አባ፣ መልሰው፤ ገና አልቀላም» ይላል፣ ብረቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ እያየ። አባቴም «ተረት አርሶ አያበላም» ይልና ይቀጠቅጣል። ያለ ወናፍ ተርቺልን ስንላት ደግሞ አክስቴ እሺ አትልም። ሥራ የፈታ አፍ ከሐሜት ሌላ አያውቅም የምትል ሴት ነበረች።

መጨረሻ የጀመረችልን ተረት እሳት ስለጠፋበት አገር ነው። በዚያ አገር አንድም ምድጃ ሳይቀር እሳቱ ጠፋ፤ ሰው ጥሬ እየቆረጠመ በብርድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዲት ልጅ ተነስታ ከሩቅ አገር አንዲት ፍም ለምና፣ በገል ይዛ መመለስ ጀመረች። መንገዱ ረዥም ነው፣ ፍሟ አንዲት ናት። አብዝታ ብትነፋት ነድዳ ታልቃለች፣ ካልነፋቻት ትከስማለች። ልጅቱ በስንት ጥንቃቄ እፍ እያለች ወንዝ ዳር ደረሰች፤ ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል፤ አገሯ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። እዚህ ላይ አባቴ ብረቱን አወጣ፣ ቀጥቅጦም ሲጨርስ ከሰሉ አልቆ ነበር። አክስቴ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» አለችን።

ያ ነገ ሳይመጣ ረሃቡ መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ደመናውን ብቻ አሳይቶን አለፈ። ማረሻ የሚያሠራ ጠፋ፤ እንዲያውም ገበሬው የነበረውን ማረሻ ይዞ ወጥቶ በጥሬ ይለውጥ ጀመር። ከብቱ አለቀ፣ ፍየሉ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ቀን አባቴ ሁለቱን ወናፎች ነፋሱን ወደ እሳቱ ከሚወስደው የሸክላ ቱቦ ፈታቸው፣ አክስቴ ጥላሸታቸውን ፋቀች፣ ቆራርጣም ቀቀለቻቸው። ውሃው ጭስ ጭስ ይል ነበር። በላነው። ሙሄ በዚያ ሰሞን ከመደብ መነሳት አቅቶት ተኝቶ «ወንዙንስ እንዴት አደረገችው?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። እሷም «ወናፋችንን ስናገኝ እነግርሃለሁ፣ የኔ ጌታ፤ ያለሱ ትንፋሽ የለኝም» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፤ ያኔ ለመናገር ቀርቶ ለመቀመጥም አቅም አልነበራትም። ሙሄ የወንዙን ነገር ሳይሰማ ሞተ። እኔ እንደሌላው ሰው ማልቀስ አልቻልኩም፤ ተናደድኩ። ያንን ተረት እስከ መጨረሻው ሳልሰማ አልሞትም ብዬ ከራሴ ጋር የተማማልኩት ያኔ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እርዳታው ኋላ መጣ፤ ስንዴም፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዘይትም። ዝናቡም መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ከከተማ የመጡ ዘማቾች ሕዝቡን ሰብስበው ጠይብን ቡዳ ብሎ መስደብ ክልክል ነው፣ ሁሉም ሰው እኩል ነው ብለው ተናገሩ። ጎረቤታችን አያ ተፈራም በዚያ ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። አያ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በረሃቡም ያገኙትን ሽንብራ ከፍለው ልከውልናል። ግን እሳቸውም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ማረሻቸውን ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ድምፅ አሰምተው፣ ራቅ ብለው ይቆማሉ እንጂ ደፋችንን ተራምደው አያውቁም። ከስብሰባውም በኋላ እዚያው ቦታቸው ላይ ቆሙ።

አሁን ገበሬው ዘር አለው፣ መሬት አለው፣ ማረሻ የለውም። ብረት እንደምንም ይገኛል። ፍየል በሌለበት አገር ግን ወናፍ ከየት ይመጣል? አባቴ ጥቂት ቀን አንገቱን ደፍቶ ከረመና፣ አንድ ጊዜ ደሴ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየውን ነገር አስታወሰ። በእጅ የሚዘወር ማራገቢያ ነው፤ ውስጡ ክንፍ አለው፣ ሲዞር በአፉ ነፋስ ይተፋል። ከአንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ክር በቀሰም ላይ የሚጠቀልልበትን መዘውር ለምኖ አመጣ፤ ትልቁ መንኮራኩር አንዴ ሲዞር በገመድ የታሰረችውን ትንሿን ዘንግ ብዙ ጊዜ ያሾራታል። በዘንጓ ላይ ከዘይቱ ቆርቆሮ የተቆረጡ ክንፎችን ሰካ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከበበ፣ አፉን ወደ ሸክላው ቱቦ አዞረ።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራው ጠይብ በመሆኑ ነው። ወናፍ አየር የሚስበው ከኋላው ነው፤ አባቴም ዕድሜ ልኩን ወናፍ ሲሰፋ የኖረ ሰው ስለሆነ የአየሩን መግቢያ ከማሽኑ ኋላ፣ ከክቡ ጠርዝ ላይ በሳው። እኔ እዘውራለሁ፣ እዘውራለሁ፣ ከሰሉ ግን ይጨሳል እንጂ አይግምም። አክስቴ ስታይ ቆይታ አንድ እፍኝ አመድ ወደ መግቢያው ወረወረች። አመዱ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ተመልሶ የአባቴን ጢም አለበሰው። ሳቀች፤ ከረሃቡ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

«ሰይዶ፣ ይሄ ፍየል አይደለም እኮ» አለችው። «በመውጫው አስገባ ትለዋለህ። ክንፉ ወደ ዳር እየገፋ ነው፤ ወደ ዳር ከገፋ መሀሉ ባዶ ነው። ከመሀሉ ክፈትለት።»

አባቴ የኋላውን ደፍኖ ከጎኑ፣ ዘንጉ በሚገባበት ዙሪያ ክብ ቀዳዳ ከፈተ። ያኔ ነፋሱ መጣ። ፍሙ ነጣ፣ ብረቱ ቀላ፣ አባቴ «አልሀምዱሊላህ» አለ። ግን ማሽኑ ይጮኻል። ምን ዓይነት ጩኸት! ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ክንፉ ባፉ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ያፏጫል፣ ዘንጉ ይንሰቀሰቃል። ዶሮ ሳይቀር ከደጃችን ሸሸ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንድ ቃል አልሰማሁም። ድምፅ ለማሰማት ሞከረችና ሳል ያዛት። ከዚያ እጇን አወራጭታ ተወችው። ረሃቡ ከደረቷ አልወጣም ነበር፤ ከማሽን ጋር ተሻምታ የምታወራበት ድምፅ አልነበራትም።

ለአባቴ ነገሩ አልቋል። እሳቱ ነደደ፣ ደጅ ላይ ገበሬ ተሰልፏል፣ ክረምቱ እየደረሰ ነው። እኔ ግን የመዘውሩን እጀታ ለቅቄ ቆምኩ።

«አልዘውርም» አልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«የእትዬ ድምፅ አይሰማም። እስኪሰማ አልዘውርም።»

ዱላ ጠብቄ ነበር። አባቴ ግን ወደ ሙሄ መደብ ዞር ብሎ አየና መዶሻውን አስቀመጠ።

አክስቴ አንዲት የዶሮ ላባ አምጥታ፣ እኔ ቀስ ብዬ እየዘወርኩ፣ ላባዋን በቆርቆሮው ስንጥቅ ሁሉ ታስጠጋት ጀመር። ላባዋ በየቦታው ተንቀጠቀጠች። «እዩት» አለች። «ነፋሱ እሳቱ ዘንድ ሳይደርስ እዚሁ እያለቀ ነው። ይህቺ ልጅ ክንዷ እስኪዝል የምትዘውረው ለጩኸቱ ነው እንጂ ለእሳቱ አይደለም።» ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ልፋት ነው። ክንፎቹ እኩል አልነበሩም፤ አባቴ ዘንጉን በሁለት ቢላዋ ስለት ላይ ያስተኛዋል፣ የከበደው ክንፍ ወደ ታች ይዞራል፣ እሱን ይሞርደዋል፣ ደግሞ ሌላው ይከብዳል፤ ዘንጉ በየትም አቅጣጫ ሲያቆሙት ዝም ብሎ እስኪቆም ድረስ ሞረደ። አክስቴ በበኩሏ የሸክላ ጭቃዋን አቡክታ የማሽኑን የውስጥ ግድግዳ እንደ ገንቦ ትገነባው ጀመር። መጀመሪያ ዙሪያውን ለክንፉ አስጠግታ ሠራችው፤ ፉጨቱ ባሰ። አፈረሰችው። ቀጥሎ ጭቃው ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ክንፉም ገጭቶ በተነው። አፈረሰችው። አባቴ «ተይው እትዬ፤ ክረምቱ ደረሰ» ሲላት «ክረምቱ ይምጣ፤ እኔስ የት እሄዳለሁ?» ትለው ነበር። በመጨረሻ ግድግዳውን ከአንድ ጎን ጠበብ አድርጋ ጀምራ፣ እየዞረ በሄደ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እያሰፋችው፣ በአፉ በኩል ሰፊ አድርጋ ጨረሰችው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት። የጭቃው ጭድና እበት በዛ ብሎ ነበርና አልተሰነጠቀም። ውጪውንም በእበት ለቀለቀችው፤ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ጭቃ ግን የነገሩትን ይይዛል አለች። ዘንጉ የሚቀመጥበት ላይ በእርዳታው ዘይት የተነከረ ጨርቅ ጠቀጠቅን።

የተሞከረው አመሻሽ ላይ ነው፤ ኩራዙ ገና መብራቱ ነበር። አያ ተፈራ ማረሻቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ደጅ ቆመዋል። አክስቴ «እኔ ነኝ የምዘውረው» ብላ እጀታውን ያዘች። መንኮራኩሩ ዞረ። እኔ ጩኸቱን ለመቻል ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ ጩኸት ግን አልመጣም። ሳር ውስጥ እንደሚያልፍ ነፋስ «ሽ» ብቻ አለ፣ ከሰሉም ከመሀል እስከ ዳር ነጣ። ያኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ የአክስቴ ደረት ነው። ስትተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይፏጫል። ማሽኑ ሲጮኽ ይህን ደብቆልን ነበር። አባቴም ሰማ፤ ዓይኑን ከእሳቱ አላነሳም። እኔ ፈራሁ።

እሷ ግን ትንፋሿን አስማማችና ጀመረች። ልጅቱ ወንዝ ዳር ቆማለች፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ፍሟ በገሉ ላይ ናት። እዚህ ስትደርስ ሳሉ ያዛት፣ እጇ ከእጀታው ወደቀ፣ ነፋሱ ቆመ። እኔ ሁለት እጄን ሙሉ ከሰል ይዣለሁ፣ አባቴ ጉጠቱን። ከሰሉን ጥዬ ልነሳ ስል ደፉ ላይ ጥላ አየሁ። አያ ተፈራ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከአክስቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና እጀታውን ያዙ።

«እኔ ልዘውር፤ አንቺ ጨርሺው፣ እትዬ ዘሃራ» አሏት።

እትዬ ሲሏት ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። አክስቴ ፊታቸውን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ እጇን በጭቃው ማሽን ላይ አሳርፋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ቀጠለች፤ «ልጅቱ አልተሻገረችም። ወንዙ ዳር እንጨት ሰበሰበች፣ ፍሟን አስጠጋች፣ እፍ አለች፣ ትልቅ እሳት አነደደች። ማዶ ያሉት ሰዎች ብርሃኑን አዩ። ቢበርዳቸው ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ገብተው እነሱ ወደ እሷ ተሻገሩ።» አባቴ ያን ጊዜ ብረቱን ከእሳት ማውጣት ረስቶ የማረሻው ጫፍ ተቃጥሏል። አያ ተፈራም አልተቆጡም፤ በማግስቱ መጥተው ሌላ ሲሠራላቸው ራሳቸው ዘወሩ።

አክስቴ ቀጣዩን መኸር አላየችም። ማሽኑ ግን ከእሷ በኋላ ብዙ ክረምት ሠርቷል፤ ጭቃው በተሸረፈ ቁጥር እኔ እለቀልቀው ነበር። ካደግሁ በኋላ፣ አባቴ አርጅቶ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ያንን ተረት አነሳሁበት። እሱም እሱና እትዬ ከአባታቸው የሰሙት እንደዚያ እንዳልነበረ ነገረኝ። በአባታቸው ተረት ልጅቱ ወንዙ ውስጥ ገባች፣ ፍሟ ጠፋች፣ አመድ ይዛ ተመለሰች፤ የሰው ልብ የቀዘቀዘው ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ ያልቃል።

«ታዲያ እትዬ ምነው ለወጠችው?» አልኩት።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አለ። «‹ሰውየው ገብቶ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ እንዴት ብዬ እንደዚያ ልጨርሰው?› አለችኝ።»

ሙሄ በሕይወት ቆይቶ ወናፉ ባይበላ ኖሮ የሚሰማው የአመዱን መጨረሻ ነበር ማለት ነው። ለልጆቼ የምነግራቸው የእሷን ነው፤ እጄን ሥራ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።