ከትኬቱ ላይ የወደቀችው ፊደል

ሸምሱ በአማን ከተማ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ነበረው። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ልብስ ነጋዴዋ ጎረቤቱ እትዬ ለተብርሃን ልባቸውን ለመታከም ሕንድ እንዲሄዱ ተወሰነ። አዲስ አበባ የተጠየቁት የአውሮፕላን ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ሸምሱ እዚያው ሕንድ፣ ቼናይ ለሚማረው የአጎቱ ልጅ ለካሊድ ደወለ። እዚያ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ያንኑ በረራ በሲሶ ቅናሽ ይቆርጥ ነበር።

«ስማቸውን ጻፍልኝ። እኔ እከፍላለሁ፤ ሲመጡ ይሰጡኛል» አለው ካሊድ።

ሸምሱ ላከ፤ ትኬቱም መጣ። እትዬ ለተብርሃን የእህታቸውን ልጅ ማናልሞሽን አስከትለው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

እኩለ ቀን ላይ ሸምሱ የጉዞውን ወረቀቶች ቅጂ ፋይል ውስጥ ሲያስገባ ዐይኑ የፓስፖርቱ ቅጂ ላይ አረፈ። ለተብርሃን በሚለው ስም መሐል «ቢ» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ ትኬቱ ላይ ግን የለችም። የላከውን ኢሜይል ከፍቶ አየ። ወኪሉ የገለበጠው እሱ የጻፈውን ነው። ስሙ ከፓስፖርቱ ካልገጠመ አያሳፍሯቸውም፤ በረራው ደግሞ እሑድ ሌሊት ነው።

ካሊድን እስኪያገኝ ኔትወርኩ አሥር ጊዜ ተቆረጠበት።

«የወኪሉ ቢሮ ተዘግቷል። እሑድም አይከፍቱም» አለ ካሊድ።

«የሰውየውን ቤት ፈልግ። በአላህ ይዤሃለሁ።»

ማናልሞሽን ያገኛት ጅማ ለማደር ሲወርዱ ነው። ጉዳዩን ነገራት።

«ለእትዬ ልንገራቸው?» አለች።

«ልባቸው ነው የታመመው። ተይው፣ እኔ አስተካክላለሁ» አላት። በምን እንደሚያስተካክል ግን አያውቅም ነበር።

እሑድን ምግብ ሳይቀምስ ዋለ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይሮጣል፤ ካርድ ሙላልኝ የሚል ደንበኛ ሆኖ ይገኛል። አመሻሽ ላይ ካሊድ ወኪሉን ሠርግ ቤት አገኘው። ሰውየው ለአየር መንገዱ ደውሎ ስሙ እንዲታረም አስመዘገበ፤ አዲሱን ትኬት ግን ሰኞ እንጂ ዛሬ ማውጣት አልችልም አለ። እትዬ ለተብርሃን የሚቀርቡት በተሳሳተው ወረቀት ነው ማለት ነው። ሸምሱ ለማናልሞሽ ይህን ሊነግራት ቢደውል ስልኳ ተዘግቷል። ያን ሌሊት ወገቡን ሳያሳርፍ ነጋበት።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ከማያውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለ። ካሊድ በሰው ስልክ ነበር የደወለው፤ እትዬ ለተብርሃን በሰላም ደርሰዋል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ትኬት የምታየው ሴት ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ስታስተያይ ብዙ አቆየቻቸው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ እርማቱን ስታገኝ አሳለፈቻቸው። ሸምሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እትዬ ለተብርሃን ከሁለት ወር በኋላ ድነው ተመለሱ። ሸምሱ ሊጠይቃቸው ሄዶ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ፊደሉስ ይሁን፣ ማንም ይስታል» አሉት። «ጅማ ላይ ብትነግረኝ መሄድና መመለሱን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ቦሌ ቆሜ ሴትየዋ ፊቴን ስታይ፣ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም ነበር።»

በማግሥቱ በሱቁ ሲያልፉ ሰላም አላሉትም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ሕንድ ለክትትል ቀጠሮ መሄጃቸው ሲደርስ ፓስፖርታቸውን ይዘው ገቡና ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ትኬቱ በዚያው ወኪል ይቆረጥ» አሉ። «ግን የሚሆነውን ሁሉ ለእኔ ነው የምትነግረው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ሸምሱ። ፓስፖርቱን ፊቱ ዘርግቶ ፊደል በፊደል እያየ መጻፍ ጀመረ።