«መጀመሪያ ቦዩ» ይሉ የነበሩት መሐንዲስ

ኢንጂነር ዘውገ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የካ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓትም በማግስቱ ተፈጽሟል። እኔ ያወቅኋቸው ዜና ፍለጋ ሄጄ ነው፤ ወዳጅነታችን ግን ከዜናው በኋላም ለዓመታት ዘለቀ።

በወጣትነታቸው ሳይቤሪያ ተምረው፣ መሬቱ በበጋም ቢሆን ከሥሩ በረዶ ሆኖ በሚቆይበት በዚያ አገር መንገድና የነዳጅ ቧንቧ ሲዘረጋ ሠርተዋል። እዚያ ዶዘር ሣሩን ከገፈፈው ከሥር ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ መንገዱ ይሰምጣል፣ ቧንቧውም ይጣመማል። ስለዚህ ሣሩን ሳይገፉ ጠጠሩን ከላዩ ይደለድሉ፣ ቧንቧውን በምሰሶ ላይ ያሳልፉ ነበር። «መሬትን ልብሱን ከገፈፍከው ዝም አይልህም» ይሉኝ ነበር።

ከእንጦጦ ፓርክ በታች ባለው ዳገት ላይ መንገድ ሲጀመር ተቆጣጣሪው እርሳቸው ነበሩ፤ እኔም ዜና ፍለጋ የሄድኩት እዚያ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ የሳይቤሪያውን እያነሱ፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ሳያልቅ ዳገቱ እንዳይመነጠር አገዱ። ነዋሪው ተቆጣ። መኪና ስለማይገባ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወርድበት ሰፈር ነው። ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱት፣ ቤታቸው ከዳገቱ ሥር ያለው ወይዘሮ አስካለ ከፊታቸው ቆሙ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ከመሬቱ ሥር በረዶ የለም! ሩሲያ መሰለዎት እንዴ?»

«በረዶስ የለም፣ ወይዘሮ አስካለ። ዝናብ ግን አለ፤ ከታች ደግሞ እርስዎ አሉ።»

«እኔን ይተዉኝና መንገዱን ይስጡኝ!»

«ሁለታችሁንም አልተውም። መጀመሪያ ቦዩ።»

ሰው ሳቀ። እርሳቸው ፈቀቅ አላሉም። ያን ክረምት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ከቆፋሪዎቹ ጋር ዋሉ፤ ቃሬዛ ሲያልፍም አካፋቸውን ጥለው አንዱን ጫፍ ይይዙ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ለቤት ግንባታ ተመንጥሮ የነበረው ጎረቤት ዳገት ተናደ። ደግነቱ ከሥሩ ሰው አልነበረም። የእነ ወይዘሮ አስካለን ግድግዳ ጭቃ አልነካውም። መንገዱ በጋውን ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ያጨበጨቡት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ «በዚህስ ሩሲያም ድረስ እሄዳለሁ!» አሉ።

ጋሼ ዘውገ፣ ረቡዕ ዕለት አስከሬንዎን የያዘችው መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣችው በዚያው መንገድ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ነበር፤ ውሃው ግን በቦይዎ ይወርድ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤታቸው ደጃፍ ሸኙዎት። አስፋልቱን ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ስንጥቅ የለበትም። ይረፉ፤ መሬቱ ይዟል።