የቀማሹ ምላስ

አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ቀማሹ» ነው የሚሉት። ማር በትንሿ ጣቱ ነክቶ ምላሱ ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ «ይሄ የባቄላ ነው»፣ «ይሄ የግራር ነው፣ ትንሽ የእሾህ አበባ ገብቶበታል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ለማንም አያዳላም። አማቱ በሠርጉ ማግስት ያመጡለትን ማር ቀምሶ «እማማ፣ ስኳር አለበት» ብሏቸዋል። እናቴ «ማርህ ጣፋጭ፣ ምላስህ መርዝ» ትለው ነበር። እውነቷን ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ከቤታችን በላይ ካለው ተራራ የሚገኘውን የነጭ አበባ ማር ነበር። ሣሩ ለታላቅ ወንድሙ ከብቶች ነው፤ አበባው ለአባቴ ንቦች። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያ ተራራ ስንት ዘመን ሲኖሩ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ንቦቹ ቀፎ እየለቀቁ መኮብለል ጀመሩ። አባቴ ሩቅ ሄዶ በድርቅ የሚያብብ ባለቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣና አጥሩን ዙሪያውን ተከለው። እናቴ «ሳያጠጡት እንዲህ የሚያድግ ነገር ደስ አይለኝም» አለች። ማን ሰምቷት! ንቦቹ ሳይኮበልሉ ስለቀሩለት አባቴ ልቡ ሞቀና ለጠየቀው ሁሉ ችግኝ አደለ። ለወንድሙማ ራሱ ተራራው ላይ ወጥቶ ነው የተከለለት።

በስድስት ዓመት ተራራው ቢጫ ሆነ። ሣሩም ነጩ አበባም ጠፉ። ቢጫው የሚያብበው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ የቀረውን ዓመት ንቦቹ ይራባሉ። ማሩም መረረ። ቁጥቋጦው ላይ ከብት አፉን አያስጠጋም። አጎቴ ላሞቹን አንድ በአንድ ሸጠ። የመጨረሻዋን የሸጠ ቀን በራችን ላይ ቆሞ «በገዛ ወንድሜ እጅ ደኸየሁ» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቱን ያዞርበታል።

አባቴ አጥሩን ነቀለ። ነቀለው፣ በቀለ፤ ቆረጠው፣ ባሰበት። ከሠላሳ ቀፎ አንድ ቀረው። ኋላ ታመመ፤ ሕመሙ ሲጠናበት ያንኑ አንዱን «ለወንድሜ ስጪልኝ» ብሎ በእኔ ላከው። አጎቴ ቀፎውን ተቀበለ፤ ሰላምታውን ግን አልተቀበለም።

ቀፎውን ተራራው ላይ አስቀመጠና ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቁጥቋጦ በዶማ እየቆፈረ ይነቅል ጀመር። ሥር በሥር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ብቻውን። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ያየዋል። ዓይኑ ሲደክም ደግሞ «ዛሬ የት ደረሰ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ በብርጭቆ ማር ይዞ ገባ። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ነጩ አበባ ወጥቷል» አለው። «አምስት ስድስት እግር አይቻለሁ። ይሄ ከዚያች ከሰጠኸኝ ቀፎ ነው። እኔ ፈርቼ አልቀመስኩትም፤ ቅመስና ንገረኝ። የነጩ ነው ካልከኝ እቀጥላለሁ። አይደለም ካልከኝ ግን በቃኝ፣ ዶማዬን እሰቅላለሁ።»

አባቴ እጁን ማንሳት ስለማይችል እኔ በጣቴ ምላሱ ላይ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፈነ።

«የነጩ ነው» አለ። «ተመልሷል፣ ወንድሜ።»

አጎቴ ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴ «ይቅር በለኝ» አለው፤ እሱም «ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አፌ ነው እምቢ ያለኝ» አለ። እኔም አለቀስኩ።

አጎቴን ሸኝቼ ብርጭቆውን ወደ ማድ ቤት ስወስድ ጣቴን ላስኩት። መራራ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ድሮስ ንብ አጥር አታውቅም፤ ከተቆፈረችው መሬት ወዲያ ያለው ሁሉ ቢጫ ነው። ተመልሼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

«አባዬ…»

«አውቃለሁ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዝም በይ።»

በዘጠነኛው ቀን አረፈ። አጎቴ ዛሬም በየጠዋቱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተራራውን ይወጣል። ጀርባው ጎብጧል። በራችን ላይ ካገኘኝ ሁልጊዜ ቆም ይላል።

«አባትሽ ማር ላይ ተሳስቶ አያውቅም» ይለኛል።

«አያውቅም፣ ጋሼ» እለዋለሁ።