ክርክሩ ፈላና በር ሲደርስ

ትናንት ከሰዓት ክፍል ልገባ ስል አንዲት እናት በሩ አጠገብ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል...

«የመክሊት መምህር እርስዎ ነዎት?»

«አዎ እናቴ፣ ምነው በሰላም?»

«ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሯት?»

መክሊት ተማሪዬ ናት። ሐረር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ ከአሮጌው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር፣ ገበያው ላይ ጫት ይሸጣሉ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን አከራክሬ ነበር። «ሰው የሚያስቆጣ ሐሳብ በአደባባይ መናገር ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ርዕስ ሰጠኋቸው። ጎራውን የለየነው በዕጣ ነው። ለመክሊትና ለቢኒያም «ይገባል» ደረሳቸው። ረመዳን ለሚባል ልጅ «አይገባም» ደረሰው... እሱ እንኳ ዕጣም አያስፈልገውም ነበር፣ ከልቡ የሚያምንበት ነገር ነው።

መክሊት ተነስታ ምሳሌ ሰጠች። «ሐረር በጫት ነው የምትኖረው። እኔንም ያሳደገኝ ጫት ነው። ግን ነገ አንድ ሰው አደባባይ ወጥቶ፣ ጫት ልጆቻችንን ጨረሰብን፣ ከሥሩ ይነቀል ቢል፣ ብንናደድም ልንሰማው ይገባል» አለች። ቢኒያም ደግሞ «ዛሬ የሱን አፍ ከዘጋን ነገ የኛ ይዘጋል» ብሎ ሲጨርስ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ለካ አንዱ ይቀርጽ ኖሯል። ቲክቶክ ላይ ሲለቀው ፊትና ኋላውን ቆርጦ «ጫት ልጆቻችንን ጨረሰብን፣ ከሥሩ ይነቀል» የምትለዋን ብቻ አስቀረ።

«ዛሬ ጠዋት ገበያ ስደርስ ቦታዬ ላይ ሌላ ዕቃ ተደርድሮበታል» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ልጅሽ ከሥሩ ይነቀል እያለች አንቺ ምን ልትሸጪ መጣሽ አሉኝ። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን እኮ መምህር... ልጅቷም ከቤት አልወጣም ብላ ተኝታለች።»

እዚያው ትንሽ እንዲጠብቁኝ ለምኜ ክፍል ገባሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ቲክቶኩን ሁሉም አይተውታል።

«ሙሉውን ቪዲዮ የያዘ አለ? ከኔ ጋር ፈላና በር ሄዶ በትክክል ምን እንዳለች የሚያስረዳስ?»

ማንም እጁን አላወጣም።

ቢኒያምን አየሁት። ዓይኑን ሰበረ።

«ቲቸር፣ ያ እኮ ክርክር ነበር» አለ። «ለማርክ ብለን የተናገርነው ነው። አሁን እኔ ብገባበት ወሬው ወደ እኔ ይዞራል።»

ፊት የተቀመጠች ልጅ ቀጠለች። «እሷስ ብትሆን ለምን ጫትን አነሳች? ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ ነው?»

ብዙዎቹ በመስማማት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እነዚያው ያጨበጨቡት ልጆች ናቸው።

ረመዳን ከኋላ ተነሳ።

«ወላሂ ቲቸር፣ እኔ አሁንም መናገር አልነበረባትም ባይ ነኝ። ግን ያላለችውን አለች ማለት ሐራም ነው። መልስ ልሰጣት ብዬ ሙሉውን በስልኬ ቀድቼው ነበር። እንሂድ።»

ለክፍሉ ሥራ ሰጥቼ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር በባጃጅ ሄድን። መክሊትም ደውለንላት መጣች። ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች።

ረመዳን ሻጮቹን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ ቁጭ አለና ቪዲዮውን ከፈተላቸው። መሐል ላይ እያቆመ ያስረዳቸዋል። ትልቋ ሻጭ፣ ሁሉም እንደ እናት አክብሮ አዴ ፋጡማ የሚላቸው፣ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ። «ድገመው» አሉት። ደገመው።

«እሺ፣ ገባኝ» አሉ በመጨረሻ በአማርኛ። «ይነቀል አላለችም። ይነቀል የሚል ሰው ይናገር ነው ያለችው።»

ተነስተው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ቦታ ላይ ዕቃውን በእጃቸው አነሱ።

«ነይ ጥሩዬ፣ ተቀመጪ። ግን ልጅሽን ምከሪያት። ትምህርቷን ትማር፣ አፏን ትሰብስብ።»

«አትናገርም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቶሎ ብለው። «ሁለተኛ አትናገርም። አይደል መክሊት?»

መክሊት መሬት መሬቱን እያየች ነበር።

«አልናገርም።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መምህር ነኛ፣ የሆነ ነገር ማለት አለብኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ግን እናትየዋ ገና መቀመጣቸው ነው። አዴ ፋጡማ ቢቀየሙስ? ያቺ ቦታ ተመልሳ ብትያዝስ?

«ጥሩ ነው» አልኩ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። ሴቶቹ መረቁኝ፣ መክሊት ግን ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስካሁን አልቻልኩትም።

ስንመለስ ረመዳን ባጃጁ ውስጥ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ቲቸር፣ እንግዲህ ክርክሩን እኔ አሸነፍኩ ማለት ነው?» አለኝ።

እያሾፈ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። እንዲያውም የተከፋ ይመስላል። 

ዛሬ ጠዋት መክሊት ክፍል መጣች። ተመስገን አልኩ። በመሐል አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እኔን ይለፉኝ ቲቸር» አለች፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

ቢኒያም እጁን አውጥቶ መለሰላት። ትክክል ነበር።

ፈተናው ደርሷል... የመናገር ነፃነት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ አንድም የሚሳሳት ተማሪ እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ።