ሳሌም የተወው ዘቢብ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ ገና በባሕር ዛፍ የተከበበች ትንሽ መንደር በነበረች ጊዜ፣ የክረምቱ ምሽት ለእኛ የተረት ምሽት ነበር። የደብራችን ገበዝ የነበሩት አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዐይናችንን ሲያስለቅሰን፣ የእመቤታችንን ስደት ይተርኩልን ነበር። ልጇን ታቅፋ በምድረ ግብጽ ከደጅ ወደ ደጅ ውኃ ስትለምን፣ ባለቤቶቹ በሩን ይዘጉባታል። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል፤ ያም የበሩ ድምፅ ነበር። ያኔ እኛ ልጆች በአንድ ቃል እነዚያን ደጆች እንረግማለን፤ እንዲህ ያለ ሰውም በምድር ላይ ዳግመኛ ይገኛል ብዬ አላስብም ነበር።

በመንደራችን ሳሌም የሚባል፣ ከየመን የመጣ ዐረብ ባለ ሱቅ ነበር። የገበሬውን የበግና የፍየል ቆዳ እየገዛ ወደ ዓደን ለሚልኩ ነጋዴዎች ያስተላልፋል፤ ከባሕር ማዶም ላምባ፣ መርፌና ስኳር ይመጣለታል። አማርኛው ቢሰባበርም ኦሮምኛው እንደ አገሬው ነበር። ጎረቤቱ ኦቦ ቶሎሳ፣ «ይህ ሰው እዚሁ ከእኛ ጋር ነው የበቀለው፤ ከባሕር ማዶ ያስመጣው ጢሙን ብቻ ነው» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

በአንድ ሐምሌ፣ ከሰሜን የመጣ ክርስቲያን ነጋዴ ከሳሌም ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ። በሰንበቴው ማኅበርም ተነሥቶ፣ «የእስላም ደጅ እየረገጥን፣ ሀብታችንን ባሕር እያሻገርን እስከ መቼ ነው?» አለ። እርሱ ራሱ ትናንት መምጣቱን፣ የእኛም አባቶች ቀደም ብለው በዚያው መንገድ መምጣታቸውን ያነሣ ሰው አልነበረም። ከሳሌም የገዛ፣ ለሳሌምም የሸጠ ከማኅበሩ ይለይ ተብሎ ተወሰነ። አያቴም በውሳኔው ላይ ጽዋውን ባረኩ።

የፍልሰታ ጾም ዋዜማ ደረሰ። በፍልሰታ በየዕለቱ ይቀደሳል፤ ሕፃናትም ሁሉ ይቆርባሉ። ነጭ ልብሴ ታጥቦልኝ ከእሳቱ በላይ ተሰቅሎ ነበር። አመሻሹ ላይ አያቴ የመሥዋዕቱን ስንዴ የሚለቅሙትን እማሆይን ጠሩ።

«ዘቢቡን ለዲያቆኑ ይስጡት፤ ለነገ ቅዳሴ ይዘፍዝፈው።»

«ዘቢብ የለም፣ አባ ገበዝ።»

«እንዴት የለም? ያለ ዘቢብ ወይኑ ከምን ይጨመቃል?»

«የሚሰጠኝን ሰው ደጅ አትርገጡ ተባለ።» እማሆይ መሬት መሬት እያዩ ቀጠሉ። «ሳሌም ነው። ዕቃው ከባሕር ማዶ በመጣ ቁጥር ሙዳዬን ይሞላልኛል። ዋጋውን ስሰጠው ‹መርየም የእኛም ናት፤ ለእርሷ አልሸጥም› ይለኛል።»

«ይህን ያህል ዘመን! ታዲያ በማኅበሩ ፊት ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ከጓዳ ጠላ እቀዳ ነበር።»

የአያቴ ፊት አመድ መሰለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለመሥዋዕት የሚሆነው ሁሉ ከቤተ መቅደሱ ውስጥ እንዲያው የሚገኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በዐረብ እጅ ተሰፍሮ ወደ ጽዋችን እንደሚደርስ በምን ልወቅ?

አያቴ ካባቸውን እንኳ ሳይደርቡ በዝናቡ ወጡ፤ ፋኖሱን ይዤ ተከተልኋቸው። የሳሌምን ሱቅ በር ሳንቃ ተቸንክሮበት አገኘነው። ኦቦ ቶሎሳ ብርሃናችንን አይተው ከቤታቸው ብቅ አሉ።

«ጠዋት በበቅሎ ጭኖ ሄደ፣ አባ። ‹ነጋቲ› ብሎ ተሰናበተኝ። እንግዲህ እኔም የበጎቼን ቆዳ ለብሼው እዞራለሁ» አሉ፤ ነገር ግን አልሳቁም። ወደ ውስጥ ተመልሰውም በጨርቅ የታሰረች ቋጠሮ አመጡ። «‹ነገ ጾማቸው ይገባል፤ ለእማሆይ ስጥልኝ› ብሎ ነው የሄደው።»

አያቴ ቋጠሮዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ፈትተው ማየት አላስፈለጋቸውም፤ በጨርቁ ላይ ዘቢቡን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም በሳንቃው ፊት፣ ውኃው ከጥምጥማቸው እየወረደ፣ ቆመው ቀሩ።

በማግስቱ ቆረብሁ። በዚያም ምሽት ከፍሙ ዙሪያ ተሰብስበን ተረቱን ጠየቅናቸው፤ ጀመሩልንም። ከበሩ ሲደርሱ እጃቸው ተነሣ፤ ጉልበታቸው ላይ ግን አልወረደም።

«ከዚያስ፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ በሳንቃው ፊት አንተም ነበርህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ነጋዴ ዘቢብ ከአዲስ አበባ ያመጣ ጀመር። እዚያም የሚሸጥለት ሌላ ዐረብ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን ከስንት ዘመን በኋላ፣ ስለ ስደተኛ ክፉ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር፣ ያ የአያቴ እጅ ከጉልበታቸው በላይ ተንጠልጥሎ፣ በሩን ዳግመኛ ለመዝጋት እምቢ እንዳለ ይታየኛል።