የእማሆይ ወለተ ማርያም ቆብ

ይህን ነገር ሚስቴ ሳትሰማው ሞታለች። የንስሐ አባቴም ሌላውን ሁሉ ሰምተው ይህን አልሰሙም። ጾም በገባ ቁጥር ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ እሄድና ስለ ሐሜትና ስለ ቁጣ ተናዝዤ እመለሳለሁ። አሁን ደከመኝ። የማላውቅህ አንባቢ፣ እስቲ አንተ ስማኝ።

በጃንሆይ ዘመን መንዝ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም አስታማሚ፣ ነበርኩ። ሐኪም አልነበረንም። ያን ክረምት ተስቦ ገብቶ ሰው በቃሬዛ ይመጣልን ጀመር። በጣም የጠናባቸውን ለብቻ በአንዲት ጠባብ ክፍል አስተኝቼ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ትኩሳት እለካለሁ፣ የልብ ትርታ እቆጥራለሁ፣ ጸጉር እላጫለሁ፣ ቅማል የያዘውን ልብስ አወልቅና እቀቅላለሁ፤ የነተበውን አቃጥላለሁ። ከደብረ ብርሃን ተቆጣጣሪ ሲመጣ አንሶላውንና የትኩሳቱን ወረቀት አይቶ ያመሰግነኛል። የታመመውን ስትገልጠው ትከልለዋለህ ወይ፣ በስሙ ትጠራዋለህ ወይ ያለኝ ግን የለም። ቢለኝስ? እዋሸው ነበር።

እማሆይ ወለተ ማርያምን ወንድማቸው ኃይሌ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሸክሞ ጓሳ በሚባለው ሣራማ ደጋ በኩል አመጣቸው። በዕድሜ የገፉ መነኩሲት ነበሩ። ዓይናቸው ተከድኗል፣ ሲጠሯቸው አይመልሱም። ኃይሌን ደጅ አስቀረሁትና ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመርኩ። ሁሉንም ዝም ብለው ተዉኝ። ቆባቸው ጋ ስደርስ ግን ያ የበድን መስሎኝ የነበረ እጅ ተነሥቶ ቆቡን ጨበጠ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር? ገብቶኛል። የቄስ ልጅ ነኝ፣ በድቁናም አገልግያለሁ። ያን ቆብ ሲደፉ በቁማቸው ፍትሐት እንደተደረገላቸው፣ ይዘውት መቃብር እንደሚገቡ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ውሃው ፈልቶ ነበር፤ ቀቅሎ፣ አድርቆ መመለስ ነው። እኔ ግን ሰልችቶኝ ነበር። በሰው ሁሉ ተናድጄ ነበር። «ልቀቂ፣ አንቺ አሮጊት! አሁን ምን ያደርግልሻል?» አልኳቸው፤ እናቴ ለሚሆኑ መነኩሲት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ቆቡን ወሰድኩና ጓሮ ከሚነደው ጨርቅ ላይ ጣልኩት። እኔ ነኝ የጣልኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ተመልሼ ስገባ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል። ደንግጬ ራሳቸውን በፎጣ ልሸፍን ስጠጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኃይሌ ገብቶ እንዲያያቸው ስፈቅድለት መጀመሪያ ያየው የተላጨ ራሳቸውን ነው። «ጌታዬ፣ የእማሆይ ቆብ የት ሄደ?» አለኝ።

«ያለ ቆብ ነው የመጡት። መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል» አልኩት።

ይህን ያልኩት ራስጌያቸው ቆሜ ነው። ይሰሙኛል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ወይኔ!» አለ ኃይሌ። «ቁልቁለቱ ላይ ቃሬዛው አዘንብሎብኝ ነበር። እዚያ ነው የጣልኩት!» በርኖሱን ተከናንቦ ዝናቡ ውስጥ ገባ። በመስኮቱ አየሁት። ግቢውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጉም እስኪውጠው ድረስ አየሁት። «ና፣ ተመለስ» ለማለት ምን ከለከለኝ? ስሜን ፈራሁ። የመነኩሲት ቆብ አቃጠለ ከተባልኩ በዚያ አገር ማን ያስጠጋኛል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ብዬ አንድን ሰው የሌለ ነገር ሲፈልግ እንዲንከራተት ለቀቅሁት።

እማሆይ እሱ ሳይመለስ ዐረፉ። እጃቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

ኃይሌ በማግስቱ ሲመጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። «ጓሳውን ሣር በሣር ገለጥኩት፤ ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ ጠየቅሁ፤ የለም» አለኝ። መሞታቸውን ስነግረው እግራቸው ሥር ተደፋ። «እማሆይ፣ ይቅር በይኝ! እኔ ነኝ የጣልኩት! እኔ ነኝ!» እያለ አለቀሰ። እኔ ልለው የሚገባኝን ቃል እሱ ሲለው ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ተነሥቶ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ጉልበቴን ሳመኝ። «ስላስታመሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ባገኘኝ ቁጥር «ያን ቆብ ማን አንሥቶት ይሆን?» ይለኝ ነበር። «እግዜር ያውቃል» እለዋለሁ። በዚሁ አረጀ፣ በዚሁም ሞተ።

ደክሞኝ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ተስቦው ጨርሶን ነበር ማለት እችላለሁ። እውነትም ነው። ግን አንድ ቆብ መቀቀል ያን ያህል አያደክምም ነበር፤ እውነቱን መናገርም እንደዚሁ። ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ አንተን አልበደልኩም። ብቻ በዚያ በጓሳ በኩል ካለፍክ የኃይሌ ልጆች አሉ። አባታቸው መንገድ ላይ ምንም እንዳልጣለ ንገራቸው።